አረንጓዴ ኒኬል፣ ቀይ ኒኬል፦ በካርቱም ቤተ ሙከራ የኖርኩበት ዘመን

በቀደም ወርቅነሽ ጋ ሄጄ ነበር። ወርቅነሽ የወጣትነት ጓደኛዬ ናት፤ «ካርቱም ሁለት» በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ነበራት፣ አሁን ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ልትከፍተው ግድግዳውን ታስለስናለች። ሽንኩርት ስትከትፍ ቆይታ ቀና አለችና፣

«ስሚ እንጂ ዘይነባ» አለችኝ። «እስከ ዛሬ አፍሬ ነው ያልጠየቅሁሽ። ዕድሜሽን ሙሉ ስትሠሪው የኖርሽው ሥራ ግን ምንድን ነው?»

«ኬሚስትሪ አስተምር ነበራ!»

«እሱንማ አውቃለሁ። ምኑን ነው? መድኃኒት ነው? ሳሙና ነው?»

«አንዳንድ ብረታ ብረት ከሌላ ነገር ጋር ሲጣበቅ ለምን ቀለም እንደሚኖረው ነው።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «እየቀለድሽ ነው?»

«ወላሂ አልቀለድኩም።»

«ጉድ ነው! ለሱ ነው እንግዲህ ጸጉርሽ የሸበተው» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ጡረታ የወጣሁት ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ፣ እኔም ምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ተሰድጄ በነበረበት ጊዜ ነው። ስልኬ ላይ አጭር መልእክት መጣ፣ በቃ። ሽኝት የለ፣ ንግግር የለ። እንዲያ ከሆነ ብናገር ኖሮ የምለውን ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

የደሴ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ ተምሬ በደርግ ጊዜ ትምህርቱንም አገሩንም ጥዬ በመተማ ወጣሁ። ካርቱም እንደገባሁ አል-ማንሺያ፣ አባይ ዳር፣ አንድ ትልቅ ቤት ተቀጠርኩ። እመቤቲቱ ደግ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ወደዱኝ። ግን ብረት ድስት ባጠብኩ ቁጥር የተውኩት ትምህርት ይታወሰኛል። ወርቅነሽ ያን ጊዜ የአንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሻይ የሚጠጡበት ቤት ትሠራ ነበር። አንድ አርብ መጥታ፣ «ጠርሙስ የሚያጥብና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ይፈልጋሉ። ሂጂ!» አለችኝ። ዛሬ ሥራሽ ምንድን ነው ብላ ትጠይቀኝ እንጂ እዚያ የከተተችኝ ራሷ ናት።

የቀጠረኝ ዶክተር ቡሽራ ይባላል። ሱዳናዊ ነው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል የሚመስል። ወረቀቴን አላየም። አንድ ብርጭቆ የመዳብ ሰልፌት ውሃ አምጥቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ፈዛዛ ሰማያዊ ነው።

«ምን ይታይሻል?»

«ሰማያዊ ውሃ።»

ጠብ ጠብ እያደረገ አሞኒያ ጨመረበት። መጀመሪያ ደፈረሰ፤ ወተት የገባበት ሰማያዊ መሰለ። ጨመረ። ድፍርሱ በአንዴ ጠራና እንዲያ ያለ ጥልቅ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ ሆነ፤ እስከ ዛሬ ሳየው ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይነሣል።

«ምን ሆነ?» አለኝ።

«መዳቡን ከበውት የነበሩት ውሃዎች ሄዱና አሞኒያዎች ቦታቸውን ያዙ» አልኩ። ይህን አዲስ አበባ ተምሬዋለሁ።

«ያ እንግዲህ ማን ሄደ፣ ማን መጣ ነው። እኔ የምጠይቅሽ ቀለሙ ለምን ተቀየረ ነው።»

«አላውቅም።»

ፊቱ በራ። «ያ ሰላም!» አለ፣ ሱዳኖች ሲደነቁ እንደሚሉት። «እኔም ሙሉውን አላውቅም። ነገ ጠዋት ነይ።»

እንዲህ ሆኖ ጀመርኩ። ደመወዙ ከቤት ሥራው የሚሻል አልነበረም፤ ለኢቃማው፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ስንት ቢሮ እንደተመላለስኩ አላወራም። የማወራው ዶክተር ቡሽራ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አምስት አጫጭር መስመሮች የሣለበትን ቀን ነው።

በማታው ክፍል ትምህርቴን እንድቀጥል እሱ ነው ያስገባኝ። የዚያን ቀን ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጫለሁ። «የእነዚህ ብረቶች የውጪኞቹ ኤሌክትሮኖች አምስት ክፍል ባለው ቤት ይኖራሉ» አለ። «ብረቱ ብቻውን ሲሆን የአምስቱም ክፍሎች ኪራይ እኩል ነው። እንግዶች ከስድስት አቅጣጫ መጡበት እንበል።» እነዚያን እንግዶች ሊጋንድ እንላቸዋለን፤ ውሃ ሊሆኑ ይችላሉ፣ አሞኒያ፣ ክሎሪን። «ሁለቱ ክፍሎች ፊታቸው ወደ እንግዶቹ ነው፤ ሦስቱ በመሀል በመሀል ነው የሚያዩት። ፊት ለፊት ያሉት ኪራያቸው ይወደዳል፣ የሦስቱ ይረክሳል። ብርሃን ሲመጣ አንዱን ኤሌክትሮን ከርካሹ አንሥቶ ውዱ ክፍል ያስገባዋል። ለማንሣት የራሱን ድርሻ ይከፍላል፤ ከቀለሞቹ አንዱን ይተዋል ማለት ነው። ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባው የተረፈው ነው!»

ከዚያ ሁለተኛውን ነገር አመጣ። ኤሌክትሮኖች በአንድ ክፍል ሁለት ሆነው መኖር ይከብዳቸዋል። የኪራዩ ልዩነት ትንሽ ከሆነ ውዱንም ከፍለው ለየብቻ ይኖራሉ፤ ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ እየተጠጋጉ ርካሾቹ ክፍሎች ውስጥ ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ። ብቻቸውን የሚኖሩትን ማግኔት ይስባቸዋል፤ ጥንዶቹን አይስባቸውም። ስለዚህ ቀለሙን አይተህ፣ በማግኔት መዝነህ፣ ማንም ሊያየው የማይችለውን ቤት ውስጡን ታውቀዋለህ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ወጥቼ በሐፍላ፣ በከተማው አውቶብስ፣ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቀኝ፣ የመኪናውን ቀለም እያየሁ አልሰማሁትም።

ሳምንት ሳይሞላ ራሱ አፈረሰው። «እስካሁን የነገርኳችሁ እንግዶቹ ቻርጅ ስላላቸው ኤሌክትሮኖቹን ይገፋሉ የሚል ነው። ክሎሪን ሲመጣ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የለውም። ታዲያ ኪራዩን የበለጠ የሚያስወድደው ማነው?»

«ክሎሪን!» አልን ሁላችንም።

«ካርቦን ሞኖክሳይድ!» ብሎ እጁን አጨበጨበ። «ከሁሉም የበለጠ! እስኪ ንገሩኝ፣ ምንም ቻርጅ የሌለው እንዴት ከባለቻርጁ በላይ ይገፋል?»

ከዚያ ሌላውን ሞዴል አሳየን፤ እንግዳውና ብረቱ ገፊና ተገፊ ሳይሆኑ ኤሌክትሮን የሚጋሩ፣ ከሁለቱ ኦርቢታል፣ ማለትም ከሁለቱ የኤሌክትሮን ክፍል፣ አንድ የጋራ ኦርቢታል የሚሠሩ ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ለብረቱ ይሰጣል፣ ደግሞም ከብረቱ መልሶ ይቀበላል፤ ያ መስጠትና መቀበል ነው ልዩነቱን የሚያሰፋው። የመጀመሪያው ሞዴል ለስንት ነገር ጠቅሞን ሳለ አንድ ጥያቄ እንዲህ ሲገለብጠው ማየት፣ ለኔ ከማንኛውም ፊልም ይበልጥ ነበር።

ስለ ዶክተር ቡሽራ አመል ልንገራችሁ። ምንም ነገር ከመለካታችን በፊት፣ ይሆናል ብለን የምንገምተውን እያንዳንዳችን በሰሌዳው ግራ ጥግ ከስማችን ጋር እንጽፋለን። ያን ጥግ ማንም አይደመስሰውም፤ የጽዳት ሠራተኛው እንኳ ያውቃል። እሱም ይጽፋል። ሲሳሳት ራሱ ሄዶ የራሱን ግምት በቀይ ጠመኔ ይሰርዛል፣ ያውም እየሳቀ። ቀለም በአምፖል አይፈርድም፤ ብልቃጡን ይዞ መስኮቱ ጋ ይሄዳል፣ ለሌላ ሰው ያሳያል፣ «ምን ቀለም ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «እኔ አረንጓዴ፣ አንቺ ሰማያዊ ካልሽ መሣሪያውን እንጠይቃለን» ይላል። አልሆነም የተባለ ውጤትም ቢሆን በማግኔት ሳይመዘን አይጣልም።

የማግኔቱን ሚዛን ሥራ ከሁሉ አስቀድሜ የተማርኩት ከእሱ ነው። ዱቄቱን ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ትሞያለሽ። እንጨት ላይ ቀስ እያልሽ ታንኳኪዋለሽ፤ ሸዋይ ሸዋይ፣ አየር እንዳይቀርበት፣ አንድ ቦታ ጠብቆ ሌላው እንዳይላላ። ቱቦው ከሚዛኑ ተንጠልጥሎ ጫፉ በማግኔቱ ሁለት ጥርሶች መሀል ይገባል። ማግኔቱ ሳይበራ ትመዝኛለሽ፣ በርቶ ትመዝኛለሽ። ብቸኛ ኤሌክትሮን ካለ ቱቦው ወደ ታች ይሳባል፤ የከበደ ይመስላል። ችግሩ ንፋስ ነው። በካርቱም በግንቦት መስኮቱ ይዘጋል፣ በሩ ይዘጋል፣ ማራገቢያው ይጠፋል። ዶክተር ቡሽራ ላቡ ሚዛኑ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሩን በመሐረብ ያስራል። እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። ካህራባው፣ መብራቱ፣ ሲጠፋ ደግሞ ማግኔቱም ይጠፋል፤ ያላ፣ ከመጀመሪያው!

ዲግሪዬን ይዤ የቤተ ሙከራ አስተማሪ ሆንኩ፣ በዓረብኛው አጠራር ኡስታዛ ዘይነብ፣ መምህርት ዘይነብ፣ ተባልኩ። የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ሰው ኬሚካል እንደ ወርቅ የሚቆጥሩ ነበሩ፤ ግን ቁልፉን ለኔ ሰጡኝ። ቀጥዬ ለማስተርሴ የራሴን ሥራ ያዝኩ። ኒኬል ነው። ሁለት ክንድ ያለው ሊጋንድ ሠራሁለት፤ ለአንድ ኒኬል ሁለት ሊጋንድ ይደርሰዋል፤ ሁለት ሲባዛ በሁለት፣ አራት ጎረቤት። የወጣው ዱቄት አረንጓዴ ነው። ውሃ እንዳይኖርበት በቫክዩም ፓምፕ አደረቅኩት። በማግኔት ስመዝነው ሁለት ብቸኛ ኤሌክትሮኖች አሉት።

ነገሩ ግልጽ መሰለኝ። አራት ጎረቤቶች በሁለት መንገድ ሊቆሙ ይችላሉ። በጠፍጣፋ፣ እንደ ጠረጴዛ አራት ማዕዘን ቢቆሙ የኒኬሉ ኤሌክትሮኖች ሁሉ ጥንድ ይሆናሉ፣ ማግኔቱም አይስባቸውም። የኔን ግን ስቦታል። እንግዲያው አልተነጠፉም፤ ቴትራሄድራል ነው፣ አራቱም በየአቅጣጫው ተበታትነው ቆመዋል። ሰሌዳው ጥግ ላይ በትልቁ ጻፍኩት፦ ዘይነብ፣ ቴትራሄድራል።

ዶክተር ቡሽራ ብልቃጡን መስኮት ላይ ይዞ ቆየ። «ቀለሙ ደከም አላለብሽም? ቴትራሄድራል ሲሆን ቀለሙ ይበረታል።»

«ቀጥኖ ነው። ትንሽ ዱቄት ነው ያሟሟሁት።»

«እስኪ ክሪስታል እናሳድግና በኤክስሬይ ይታይ። አቶሞቹ የት የት እንደቆሙ ይነግረናል።»

ክሪስታል ማሳደግ በካርቱም አየር ፈተና ነው። ፈሳሹ ወዲያው ይተንና ዱቄት ይቀርሻል። እኔ ትንሿን ብልቃጥ ክዳኗን ከፍቼ ሌላ ፈሳሽ ያለበት ትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጬ፣ ትልቁን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው ዚር፣ ከመጠጥ ውሃው የሸክላ ጋን፣ ሥር ወሸቅኩት። ዚሩ ስለሚያልበው ሥሩ ይቀዘቅዛል። ተማሪ ሁሉ ውሃ ሲቀዳ ማሰሮዬን ጎንበስ ብሎ ያያል። አንድ ጠዋት አረንጓዴ፣ ጠርዛቸው የተሳለ ክሪስታሎች ብልቃጧ ውስጥ ተደርድረዋል! ወደ ውጭ አገር የሚሄድ አንድ የሥራ ባልደረባችን ይዞልኝ ሄደ።

እሱ እስኪመለስ መልሱን የማውቅ ያህል ተረጋግቼ ጻፍኩ። ክፍሉ ፊት አቀረብኩት። አጨበጨቡልኝ። የመጨረሻው ፈተና ቀን ሲደርስ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ፈታኝ መጡ፣ ወርቅነሽ ነጠላ ነገር ለብሳ ኋላ ተቀመጠች። ባልደረባችን ከአየር ማረፊያ በቀጥታ መጣ፤ የኤክስሬዩን ስዕል ለዶክተር ቡሽራ ሰጠው። ዶክተር ቡሽራ አየው፣ ደግሞ አየው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ፣ ሁላችን መሀል ዘረጋው።

ኒኬሉ አንድ አልነበረም፤ ሦስት ነው። ሦስቱ ተጠጋግተው ቆመዋል፣ የአንዱን ሊጋንድ ኦክስጅን ሌላውም ይዞታል። እያንዳንዱ ኒኬል አራት ሳይሆን ስድስት ጎረቤት አለው። ስድስት ጎረቤት ያለው ኒኬልም ሁለት ብቸኛ ኤሌክትሮኖች አሉት። ማግኔቱ አልዋሸም፤ እኔ የጠየቅሁት ጥያቄ ሁለቱን መልሶች የሚለይ አልነበረም። የሚለየው የቀለሙ ድካም ነበር።

ፈታኙ መነጽራቸውን አወለቁ። «የእመት ዘይነብ ሥራ ምዕራፍ ሦስትና አራት እንግዲህ የለም ማለት ነው» አሉ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። ፈተናው ተላለፈ። ያን ቀን ወርቅነሽ እጄን ይዛ ወጣች። ምንም አልገባትም፤ ግን ማልቀሴን ስላየች፣ «ተንኮል ሠርተውብሽ ነው?» አለችኝ።

«አይ፣ ተሳስቼ ነው።»

«እና? እኔ ስንቴ ወጥ አሳርሬያለሁ!»

ለቀናት ቤቴን ዘግቼ ተኛሁ። አል-ማንሺያ ወዳሉት እመቤት ተመልሼ የመሄድ ሐሳብ እንኳ መጣብኝ። በመጨረሻ በሬ ተንኳኳ። ዶክተር ቡሽራ ነው፤ ዓማራት ሰፈር ካለው ቤቱ በእግሩ መጥቶ ኖሮ ጫማው አቧራ ብቻ ሆኗል። የሚያጽናና ነገር ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ገና ሳይቀመጥ፣

«ያ ዘይነብ፣ ሦስቱ ተያይዘዋል!» አለ። «ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ለምን ተያያዙ? እሱን አትጠይቂም?»

«ዶክተር፣ እርስዎ ደግሞ! ሥራዬ እኮ ፈረሰ።»

«ማሌሽ፣ አይዞሽ። መልስሽ ነው የፈረሰው። ስድስት ጎረቤት ስለሚሻላቸው እርስ በርስ ተበዳደሩ ማለት ነው! መጠጋት ባይችሉስ?»

ቁጭ አልኩ። ምን እንዳልኩት በደንብ አስታውሳለሁ። «ሊጋንዱን ጫፉ ላይ ብናወፍረው… ወፍራም የካርቦን ቡድን ብናስርበት፣ ሦስቱ መቀራረብ አይችሉም።»

«እና ያን ጊዜ?»

«አራት ጎረቤት ብቻ ይቀረዋል። ጠፍጣፋ ይሆናል። ኤሌክትሮኖቹ ጥንድ ይሆናሉ። ማግኔቱ አይስበውም።»

«ቀለሙስ?»

«ጠፍጣፋ ከሆነ ልዩነቱ ይሰፋል… ቀይ።»

«ያላ!» ብሎ ብድግ አለ። ነጠላዬን ይዤ ተከተልኩት። ሰሌዳው ላይ ያ ስሜ ያለበት «ቴትራሄድራል» እንዳለ ነው። ቀዩን ጠመኔ ሰጠኝ። ሰረዝኩት፤ ሥሩ «ዘይነብ፣ ቀይ፣ ማግኔት አይስበውም» ብዬ ጻፍኩ። እሱም ሥሬ «ቡሽራ፣ እንደ ዘይነብ» ብሎ ጻፈ።

አዲሱን ሊጋንድ መሥራት ወራት ፈጀ። የሚያስፈልገው ፈሳሽ ይጠፋል፣ ሲገኝ እርጥብ ይሆናል፣ ደርቆ ሲገኝ ካህራባ የለም። በመጨረሻ ከኒኬሉ ጋር ቀላቀልኩት። የወረደው ዱቄት አረንጓዴ ነው! አረንጓዴ! ዶክተር ቡሽራ ቀዩን ጠመኔ ለማንሣት እጁን ዘረጋ።

«ቆዩ!» አልኩት። «በውሃ ውስጥ ነው የሠራሁት። የጎደሉትን ሁለት ቦታዎች ውሃ ይዟቸው ይሆናል። ይድረቅ።»

ብርጭቆውን ከቫክዩም ፓምፑ ጋር አያያዝኩት፣ ከሥሩ ለብ ያለ ውሃ አደረግሁ። ፓምፑ ማጉረምረም ጀመረ። ሁለታችንም ወንበር ስበን ፊት ለፊቱ ተቀመጥን። አረንጓዴ። አረንጓዴ። ካህራባው ጠፋ፤ አየር ተመልሶ እንዳይገባ ቫልቩን ዘልዬ ዘጋሁት፣ እስኪመጣ እጄን ሳላነሣ ጠበቅሁ። መጣ። ከፈትኩት። ከዚያ ከብርጭቆው ጠርዝ፣ ዱቄቱ በሳሳበት በኩል፣ ጽጌረዳ የመሰለ ነገር ብቅ አለ። ዓይኔ ነው ብዬ ተጠጋሁ። ወደ መሀል ገባ። ተስፋፋ። አረንጓዴው እንደ ደሴት ጠበበ፣ ጠበበ፣ ጠፋ። ሙሉው ቀይ!

«ያ ሰላም! ያ ሰላም!» ዶክተር ቡሽራ ኮሪደሩን ይሮጥበታል። ተማሪዎች ከየክፍሉ ወጡ። እኔ ግን ገና አልጮህኩም። እርጥበት እንዳያገኘው ፈጥኜ ቱቦው ውስጥ ሞላሁት፣ አንኳኳሁ፣ ሸዋይ ሸዋይ። ማራገቢያው ጠፋ፣ በሩ ተዘጋ። ማግኔቱ ሳይበራ መዘንኩ። አበራሁት። ሚዛኑ አልጨመረም፤ እንዲያውም እንደ ቅንጣት ቀነሰ። ጥንዶች ብቻ ያሉት ነገር በማግኔት በጣም በትንሹ ይገፋል፤ የሚጠበቀውም ይኸው ነው። ያን ጊዜ ጮህኩ። ዶክተር ቡሽራ ግንባሩ ላይ ያሰረውን መሐረብ ፈትቶ ዓይኑን ጠረገ፤ ላብ ይሁን ሌላ አላውቅም።

ያ ሥራ ማስተርሴን አስገኘልኝ፤ ያው ፈታኝ ናቸው የመጡት፣ ቀዩን ብልቃጥ ራሳቸው መስኮት ላይ ይዘው ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ በኋላ ኦምዱርማን አንድ የሴቶች ኮሌጅ ጥቂት ዓመት አስተማርኩ፣ ተመልሼም ወደ ቤተ ሙከራዬ መጣሁ። ዶክተር ቡሽራ ጡረታ ወጥቶ ብዙ አልቆየም፤ አላህ ይርሐመው። ትምህርቱን እኔ ተረከብኩ። ስንት ተማሪ በአምስቱ መስመሮች ፊት እንዳፈዘዝኩ! አንዷ ኢልሃም ናት፤ ከጥያቄዋ ብዛት የተነሣ ከክፍል መውጫ የምታሳጣኝ ሱዳናዊት ልጅ። ዛሬ ዶክተር ኢልሃም ናት።

ጦርነቱ ሲመጣ ኢልሃም ካይሮ ገባች፣ እኔ ገዳሪፍ። ከተማው ሲረጋጋ ተመለስን። ቤተ ሙከራው መስኮት የለውም፣ ፓምፑም ማግኔቱም ተወስደዋል። ኢልሃም ግን አንድ ቀን ላፕቶፕ ይዛ ቤቴ መጣች።

«ኡስታዛ፣ ይህን እዪ።»

እስክሪኑ ላይ አንድ የብረት አቶም አለ፣ ሊጋንዶች ከበውታል። ቁልፍ ስትጫን የጋራ ኦርቢታሉ እንደ ደመና ፈካ፤ ከብረቱ ይጀምርና ሊጋንዱ ላይ ይደርሳል። ዕድሜ ልኬን በጠመኔ ስሞነጫጭረው የኖርኩት ነገር ነው!

«አዙሪው» አልኳት። አዞረችው። «ደግሞ አዙሪው።»

እንደ ልጅ አጫወተችኝ። ከዚያ ፊቷ ከበድ አለ። «ችግር አለብኝ። ይህ ብረት፣ የሚዝገው አይረን፣ ስድስት የውጪ ኤሌክትሮን አለው። በአንዱ የስሌት ዘዴ ሳሰላው ስድስቱም በርካሾቹ ሦስት ክፍሎች ጥንድ ሆነው ይኖራሉ ይለኛል። በሌላው ሳሰላው፣ አይ፣ ተበታትነው ነው የሚኖሩት ይላል። ሁለቱም ታዋቂ ዘዴዎች ናቸው። የትኛውን ልመን?»

«ነገሩን ሠርተሽዋል?»

«በኮምፒዩተር ብቻ ነው። ሊጋንዱን ግን ከካይሮ ይዤዋለሁ።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?»

ከቤተ ሙከራው ፍርስራሽ ውስጥ የብረት ጨው አንድ ጠርሙስ ተረፈ። አየር ሲያገኘው ይዝጋል፤ ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት ቫይታሚን ሲ ገዝተን አሟሟንበት፣ እሱ ከዝገት ይጠብቀዋል። ሙቀቱ ገና ባልጠና ጠዋት፣ ላዩ በተቦደሰ ጠረጴዛ ላይ፣ ኢልሃም ፈሳሹን ስታፈስ እኔ በብርጭቆ ዘንግ አማሰልኩ። እጄ አልረሳም። ዱቄቱ ወረደ፦ ሐምራዊ! አጥበን ስናደርቀውም ሐምራዊ።

«ጥንድ ናቸው!» አለች ኢልሃም። «የኪራዩ ልዩነት ሰፊ ባይሆን ቀለሙ እንዲህ አይጠናም፤ የመጀመሪያው ዘዴ ልክ ነው!» ቱቦዋን ዘግታ ፎቶ ልታነሣት ወደ ውጭ ይዛት ወጣች፣ የመኪናዋ ኮፈን ላይ አጋደመቻት። እኩለ ቀን ደርሷል፤ ጥቁሩ ኮፈን እንደ ምጣድ ግሏል። ስልኳን አስተካክላ ስትመለከት ድምፅዋ ተቀየረ።

«ኡስታዛ! ተበላሸ!»

ሮጬ ወጣሁ። ቱቦው ውስጥ ያለው ነጭ ነው። ነጭ! ኢልሃም ልታለቅስ ደረሰች። «ዛገ፣ አይደል?»

«ሲዝግ ወደ ቡኒ ነው የሚሄደው። ይህ ነጭ ነው። በረዶ አምጪ።»

በሩ አጠገብ ሻይ ከምትሸጠው ሴት በረዶ በጣሳ ይዛ ተመለሰች። ቱቦዋን ነከርኳት። ጭንቅላታችን ተጋጭቶ ጣሳው ላይ ጎንበስ ብለናል። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከታች፣ በረዶው በነካው በኩል፣ ሐምራዊው መጣ፤ ወደ ላይ ወጣ፣ ቱቦዋን ሞላ።

ሁለታችንም ጮህን! ሁለቱ ስሌቶች የተጣሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥንድ ሆኖ በመኖርና ተበታትኖ በመኖር መሀል ያለው ልዩነት እንዲህ ቀጭን ሆኖ ነው፤ የካርቱም ፀሐይ ብቻ ኤሌክትሮኖቹን ከክፍል ወደ ክፍል ያዘዋውራቸዋል። ጠዋት ጥንድና ሐምራዊ፣ ቀትር ላይ ብቸኛና ነጭ። ያውም ዓይናችን እያየ፣ ያለ ማግኔት፣ ያለ ካህራባ!

የግቢው ዘበኛ በጩኸታችን ደንግጦ ዱላውን ይዞ ደረሰ። «ምን ሆናችሁ? ሰው ገባ?»

«ማንም አልገባም፣ ዓሚ፣ አጎቴ» አለችው ኢልሃም እየተንተባተበች። ቱቦዋን አሳየሁት፣ ሐምራዊ። ኮፈኑ ላይ አስተኛኋት። ሦስታችን ዙሪያዋን ቆመን ጠበቅን። ነጣች።

ዘበኛው ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ጎንበስ ብሎ በቅርብ አያት፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና እሷን አያት።

«መልሱት» አለ።

በረዶው ቀልጦ አልቆ ነበር። ዶክተር ኢልሃም ጣሳውን አንሥታ በዚያ ፀሐይ፣ ሻሿ ወደ ኋላ እየተንሳፈፈ፣ ለሌላ በረዶ ሮጠች።